የልማድ ልጓም፦ ዕድሜ፣ ትኩረትና የጎልማሶች ንባብ ታሪክ በጅጅጋና በቶጎጫሌ አካባቢ

መግቢያ

የጎልማሶችን ትምህርት ታሪክ የሚመረምር ሰው በየዘመኑ አንድ ጥያቄ ሲነሣ ያገኛል፤ ይኸውም ዕድሜው የገፋ ሰው አዲስ ነገር ለመማር ይችላልን? የሚለው ነው። ጥያቄው የሚነሣው በሊቃውንት መካከል ብቻ አይደለም። በማታ ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ የስልሳ ዓመት አዛውንት ትናንት ያጠኑትን ፊደል ዛሬ በሌላ ስም ሲጠሩ፣ ከአጠገባቸው ያለው ወጣት ሲስቅ፣ መምህሩም ‹‹አእምሯቸው ደርቋል›› ብሎ በልቡ ሲፈርድ፣ ጥያቄው ያለ ቃል ተጠይቆ ያለ ማስረጃ ተመልሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፍርድ የሚያስከትለው ውጤት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ አዛውንቱ በሚቀጥለው ሳምንት ከትምህርቱ ይቀራሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ፍርድ በታሪክ ሚዛን መመዘን ነው። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ባካሄዱት ምርምር የሰው ኅሊና ሐሳብን የሚበትን ነገርን እንዴት እንደሚገታና ይህ የመግታት ችሎታ ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ብዙ ቁም ነገር ተገኝቷል። በሌላ በኩል ጅጅጋና በስተ ምሥራቋ በወሰን ላይ የምትገኘው ቶጎጫሌ አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ከሦስት የማያንሱ የፊደል ዓይነቶችን ሊያይ የቻለባቸው ከተሞች ናቸው። የእነዚህ ከተሞች የፊደል ታሪክ ከምርምሩ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ፣ የአዛውንቱ ስሕተት ከየት እንደሚመጣ ለመምህራንም ሆነ ለዕቅድ አውጪዎች ግልጽ ይሆናል።

1. የመግታት ችሎታ ምንድን ነው?

ፈረስን ፈረስ የሚያሰኘው መሮጡ ብቻ አይደለም፤ በልጓም መቆሙም ጭምር ነው። ኅሊናም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ለማንበብ ሲቀመጥ ዓይኑ መስመሩን እንዲከተል ማድረግ ብቻ አይበቃውም። ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ፣ ከውስጥ የሚነሣውን ሌላ ሐሳብና ቀድሞ የለመደውን ምላሽ ሁሉ መግታት ይኖርበታል። ሊቃውንቱ ይህን ሥራ በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው፣ ለተያዘው ጉዳይ የማይጠቅም ነገር ወደ ኅሊና እንዳይገባ መከልከል ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ጊዜ ገብቶ ጥቅሙ ያለፈበትን ሐሳብ ማስወጣት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ተዘጋጅቶ አፍ ላይ የደረሰውን፣ በልማድ የጠነከረውን ምላሽ ማቆም ነው።

ቶጎጫሌን የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት ለመረዳት ብዙ ምሳሌ አያስፈልገውም። ስሟ በሶማሊኛ ወራጅ ወንዝን ከሚያመለክተው ‹‹ቶግ›› ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘው ይህች ከተማ ከጅጅጋ ወደ ሐርጌሳና ወደ በርበራ ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ የተመሠረተች የወሰን ገበያ ናት። የጫት መኪናዎች ጥሩምባ፣ የከብት ነጋዴዎች ድርድር፣ የደላላ ጥሪ፣ የአዛን ድምፅ፣ ብርንና የሶማሌላንድን ሽልንግ የሚመነዝሩ ሰዎች ጫጫታ በአንድነት ይሰማሉ። በዚህ መካከል የሚካሄድ ትምህርት ገና ፊደሉ ሳይነሣ የመግታት ችሎታን ይፈትናል። ይሁን እንጂ ከሦስቱ ሁሉ ለዚህ አካባቢ ታሪክ ቁልፍ የሆነው ሦስተኛው፣ ማለትም የልማድን ምላሽ መግታት፣ መሆኑ በኋላ ይታያል።

2. የምርምሩ ታሪክ

የኔዘርላንዱ ሐኪም ፍራንሲስኩስ ዶንደርስ እ.ኤ.አ. በ1868 ባወጣው ጥናት የኅሊናን ሥራ በጊዜ ለመለካት ሲሞክር፣ ከፈተናዎቹ አንዱ ለአንድ ምልክት ብቻ ምላሽ ሰጥቶ ለሌሎቹ ዝም ማለትን የሚጠይቅ ነበር። ዝም ማለትም ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በላቦራቶሪ ውስጥ ቦታ አገኘ። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስም እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው ታላቅ የሥነ ልቡና መጽሐፍ፣ ትኩረት ማለት አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው እንደ ሆነ አስረድቷል። በዚሁ መጽሐፍ ግን የሰው ጠባይ በሠላሳ ዓመት ገደማ እንደ ደረቀ ልስን ይጠነክራል የሚል አስተያየት ሰንዝሮ ነበርና ይህ አባባል በየትምህርት ቤቱ ተሰራጭቶ ጎልማሳን ለማስተማር መድከም ከንቱ ነው ለሚሉ ሰዎች መደገፊያ ሆነ።

ይህን አስተያየት በፈተና ለመመርመር የተነሣው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ከረዳቶቹ ጋር ባሳተመው የጎልማሶች መማር ጥናት ሰዎች ኤስፔራንቶ ቋንቋ ሲያጠኑና ባልለመዱት እጅ መጻፍ ሲለማመዱ ያሳዩትን ውጤት አቅርቧል። የመማር ችሎታ ከሃያዎቹ ዕድሜ በኋላ ዝቅ የሚለው በየዓመቱ በመቶ አንድ ገደማ ብቻ መሆኑን ገልጾ፣ ከአርባ አምስት ዓመት በታች የሆነ ማንም ሰው አርጅቻለሁ በማለት ከመማር እንዳይቆጠብ መክሯል። ለጎልማሶች ትምህርት እንቅስቃሴ ይህ ትልቅ ድጋፍ ነበር። ያም ሆኖ ጥናቱ ችሎታው በምን ያህል እንደሚቀንስ እንጂ በየትኛው የኅሊና ሥራ ላይ እንደሚቀንስ አላብራራም።

ለዚህ ጥያቄ መሣሪያ የሆነው ፈተና በናሽቪል ከተማ በሚገኘው የጆርጅ ፒቦዲ ኮሌጅ ይሠራ ከነበረው ከጆን ሪድሊ ስትሩፕ የመጣ ነው። ስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት ‹‹ቀይ›› የሚለውን ቃል በሰማያዊ ቀለም፣ ‹‹አረንጓዴ›› የሚለውን በቀይ ቀለም እያተመ ተማሪዎቹ ቃሉን ትተው የቀለሙን ስም እንዲጠሩ ጠየቃቸው። አንድ መቶ ባለ ቀለም ምልክቶችን ለመጥራት 63 ሴኮንድ ያህል የፈጀባቸው ተማሪዎች፣ ቃሉና ቀለሙ ሲጋጩባቸው 110 ሴኮንድ ያህል ፈጀባቸው። ማንበብን የለመደ ሰው ላለማንበብ ይቸገራል። ልማድ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ቀድሞ ይመልሳል። ‹‹የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ›› የሚለው አባባል በላቦራቶሪ ተመስክሮለታል ለማለት ይቻላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሠራተኛው ሕዝብ ዕድሜ እየጨመረ መሄዱ በእንግሊዝ አገር አሳሳቢ ስለ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በካምብሪጅ በአለን ዌልፎርድ የሚመራ የእርጅና ችግሮች ምርምር ክፍል ተቋቋመ። በሁለት ጆሮ የሚሰሙ ሁለት ንግግሮችን በለየው በኮሊን ቼሪ (1953)፣ እንዲሁም ትኩረትን በማጣሪያ በመሰለው በዶናልድ ብሮድቤንት (1958) ሥራዎች አማካይነት የትኩረት ምርምር እንደ ገና ታደሰ። ኮማሊ፣ ዋፕነርና ቨርነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 የስትሩፕን ፈተና ከሰባት እስከ ሰማንያ ዓመት ለሆናቸው ሰዎች ሰጥተው፣ የቃሉ ጣልቃ ገብነት በሰባት ዓመት ልጆች ላይ እጅግ የበረታ፣ በወጣትነትና በጎልማሳነት የረገበ፣ ከስልሳ አምስት ዓመት በኋላ ግን እንደ ገና የሚጨምር መሆኑን አሳዩ። ፓትሪክ ራቢትም እ.ኤ.አ. በ1965 ሰዎች ካርዶችን በላያቸው ባለው አንድ ፊደል እንዲለዩ አድርጎ፣ በካርዱ ላይ የማይፈለጉ ፊደላት በበዙ ቁጥር አረጋውያኑ ከወጣቶቹ ይበልጥ እንደሚዘገዩ አረጋገጠ። ገጹን ያጨናነቀ ሥዕልና ጽሑፍ ለሁሉም እኩል ሸክም አይደለም ማለት ነው።

ጎርደን ሎገንና ዊልያም ካዋን እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረን ምላሽ ማቆም ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ የሚለካበትን ዘዴ ከነትንታኔው አቀረቡ። ከአራት ዓመት በኋላ ሊን ሃሸርና ሮዝ ዛክስ የተበታተነውን ማስረጃ በአንድ ሐሳብ አሰባሰቡት። በእነርሱ አመለካከት ኅሊና ሲያረጅ ዋናው ችግር የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ የማይፈለገው ነገር ሳይገታ ገብቶ ቦታ መያዙ ነው። ከኮኔሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናትም በጽሑፍ መካከል በተለየ የፊደል ቅርጽ የታተሙ የማይነበቡ ቃላት ሲሰገሰጉ አረጋውያን አንባቢዎች ከወጣቶች ይበልጥ መዘግየታቸውን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአዳም ጋዛሊና በባልደረቦቹ የተደረገው የአንጎል ምስል ጥናት ይህን ሐሳብ ከሌላ ወገን ደገፈ። በጥናቱ አረጋውያን ለተፈለገው ነገር የሚሰጡት ትኩረት እንደ ወጣቶቹ ሆኖ፣ ያልተፈለገውን መግታቱ ላይ ግን ድካም ታይቶባቸዋል።

3. በጅጅጋና በቶጎጫሌ የፊደላት መፈራረቅ

ከላይ የተዘረዘረው ምርምር የተካሄደው አንድ ፊደል ብቻ ባለባቸው አገሮች ነው። በጅጅጋና በቶጎጫሌ አካባቢ ግን ታሪኩ የተለየ ነው። በዚህ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ የመጀመሪያው የጽሕፈት ትምህርት የሚሰጠው ‹‹ዱግሲ›› በሚባለው የቁርኣን ትምህርት ቤት ነበር። ሕፃኑ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በከሰል ቀለም እየጻፈ የዐረብኛን ፊደል ይማራል። አናባቢዎቹን የሚያጠናውም በሶማሊኛ እየቆጠረ በዜማ ነው፤ ምልክቱ ከላይ ሲሆን፣ ከታች ሲሆን፣ ሲጎብጥ የተለየ ስም አለው። ይህን ዘዴ ትውፊት የሚሰጠው በሐርጌሳ አቅራቢያ መቃብራቸው ለሚጎበኘው ለሼህ ዩሱፍ አል ከውነይን፣ በሕዝቡ አጠራር ለአው በርኸድሌ ነው። ‹‹በልጅነት የተማሩት በድንጋይ ላይ እንደ ተቀረጸ ነው›› የሚለው የዐረብ ምሳሌ ይህን ትምህርት በሚገባ ይገልጸዋል። ነገር ግን በድንጋይ ላይ የተቀረጸው አይፋቅም። አዲስ ጽሕፈት ሲመጣ አሮጌው በነበረበት ይጠብቃል።

ሶማሊኛን ራሱን ለመጻፍ የተደረገው ጥረትም ብዙ መንገድ ተጉዟል። ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የዑስማንያን ፊደል ፈጠረ። ከአው በሬ ማዶ በምትገኘው በቦረማም ሼህ አብዱረህማን ሼህ ኑር እ.ኤ.አ. በ1933 ገደማ ሌላ ፊደል አዘጋጁ። በዚህ መካከል የውጭ አስተዳደሮችም የየራሳቸውን ጽሕፈት ይዘው መጡ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር በአካባቢው ለዓመታት ቆይቶ፣ ሐውድ የሚባለው የግጦሽ ምድር ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የላቲን ፊደል በእንግሊዝኛ አጠራሩ በደረሰኝና በመኪና ሰሌዳ ላይ ታየ፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤትና ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋር ተስፋፋ።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው። በሶማሊያ የላቲን ፊደል የሶማሊኛ መጻፊያ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 ታወጀ፤ በ1974 እና በ1975 ደግሞ ተማሪዎች ወደ ገጠር ዘምተው ዘላኑን ሕዝብ አስተማሩ። በኢትዮጵያ በኩል ከእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ (1967 ዓ.ም.) በኋላ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት ጅጅጋንና አካባቢዋን ክፉኛ ጎዳ። ጦርነቱ ካበቃ ከአንድ ዓመት በላይ ብቻ ቆይቶ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው በሂደት በአሥራ አምስት ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን ሶማሊኛ ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ የሁሉም መጻፊያ የግዕዝ ፊደል ሆነ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት ለኢትዮጵያ አስገኝቷል።

በዚህ ምክንያት አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በአንድ የውኃ ጉድጓድ የሚገናኙ፣ አንዳንዴም በሥጋ የሚዛመዱ ሁለት ጎልማሶች አንዱ ከወሰኑ ወዲህ በግዕዝ፣ ሌላው ከወሰኑ ወዲያ በላቲን ቋንቋቸውን መጻፍ ተማሩ ማለት ነው። ሁለቱም ከልጅነታቸው የዐረብኛውን ፊደል ያውቁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ሶማሊያ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከሐርጌሳና ከአካባቢዋ የተሰደደው ሕዝብ በሐርቲሼክና በሌሎች ጣቢያዎች ሲሰፍር፣ ሁለቱ የጽሕፈት ልማዶች በአንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ሐርቲሼክ እ.ኤ.አ. በ2004 እስኪዘጋ ድረስ ከታላላቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ፣ በተለይም የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ከደነገገ በኋላ፣ በክልሉ የሶማሊኛ ትምህርት በላቲን ፊደል ይሰጣል።

4. አሮጌው ልማድና አዲሱ ፊደል

ይህ የፊደል መፈራረቅ ለአንድ ሰው ዕድሜ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። ዘመቻው ሲጀመር የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው የ1986ቱ ፖሊሲ ሲወጣ አርባ አምስት ዓመት ሞላው። ይህ ዕድሜ ቶርንዳይክ ምክሩን የገደበበት ዓመት ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት መጽሐፍ እርሱ በዘመቻው በተማረው ፊደል የተጻፈ አልሆነም። የራሱን ቋንቋ ለማንበብ እንደ ገና ጀማሪ መሆን ነበረበት።

ችግሩን በአንድ ምልክት ማሳየት ይቻላል። ክብ የሆነ ምልክት በግዕዝ ‹‹ዐ›› ነው። በላቲን ‹‹ኦ›› ተብሎ ይነበባል። በትምህርት ቤት አኃዝ ዜሮ ሲሆን፣ በዐረብኛው አኃዝ ደግሞ አምስት ነው። የግዕዙ ‹‹ለ››ም ከዐረብኛው ስምንት ቁጥር ጋር ይመሳሰላል። የላቲኑ ‹‹ሲ›› እንግሊዝኛ ለቀመሰ ነጋዴ ‹‹ስ›› ወይም ‹‹ክ›› ነው፤ በሶማሊኛ ግን ከጉሮሮ የሚወጣውን ‹‹ዐ››ን ያመለክታል። ‹‹ኤክስ›› የሚባለውም በሶማሊኛ ‹‹ሐ›› ነው። በአማርኛ ‹‹ሀ›› እና ‹‹ሐ›› በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ፣ አማርኛ አፉን የፈታ መምህር ልዩነቱን ቸል ሊለው ይችላል። በሶማሊኛ ግን ‹‹ሀል›› አንድ ማለት ሲሆን ‹‹ሐል›› መፍትሔ ማለት ነው። በዚህ ላይ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ግዕዝና ላቲን ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ።

እንግዲህ ከላይ የተጠቀሱት አዛውንት ክቡን ምልክት አይተው ‹‹አምስት›› ቢሉ፣ ወይም ‹‹ሲ››ን ‹‹ስ›› ብለው ቢጠሩ፣ ስሕተቱ ከዕውቀት ማነስ የመጣ አይደለም። ስትሩፕ ተማሪዎቹን እንዳስቸገራቸው ሁሉ፣ ቀድሞ የጠነከረው ምላሽ ሳይጠራ መጥቶባቸው ነው። ከአጠገባቸው የሚስቀው ወጣት የሚገታው ነገር ስለሌለው ፈጥኖ ይመልሳል፤ የሚያውቀው አንድ ፊደል ብቻ ነውና። አዛውንቱ ግን አንድ ትክክለኛ መልስ ለመስጠት ሦስት ሌሎች መልሶችን ዝም ማሰኘት አለባቸው። መምህሩ የአእምሮ ድርቀት ያለው ነገር በእውነቱ የትምህርት ብዛት ነው።

ጉዳዩ ከክፍል ውጭም ዋጋ ያስከፍላል። በወሰን ገበያ ላይ የዕቃ መጠንና የዋጋ ዝርዝር በየትኛው አኃዝ እንደ ተጻፈ ለይቶ ያላነበበ ሰው ዜሮውን አምስት፣ አምስቱን ዜሮ ሊያደርገው ይችላል። የመድኃኒት መጠን ሲነበብ ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል።

5. የምርምሩ ክርክርና የሚገባው ጥንቃቄ

የሃሸርና የዛክስ ሐሳብ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። ፖል ቨርሃገንና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1998 የስትሩፕ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በአረጋውያን ላይ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ሥራን ሁሉ ቀስ ብሎ ከመሥራት የሚመጣ እንጂ የተለየ የመግታት ድካም እንዳልሆነ ደምድመዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሎዲ ሬይ ሜርሜትና ሚርያም ጋዴ ያወጡት ሰፊ ቅኝት ደግሞ ሚዛናዊ ውጤት አሳይቷል፤ የተዘጋጀ ምላሽን በድንገት በማቆም ረገድ የዕድሜ ድካም ሲገኝ፣ በሌሎች የመግታት ፈተናዎች ግን በብዙዎቹ አልተገኘም። ስለዚህ አረጋዊ ሁሉ በሁሉም ነገር ይዘናጋል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

በተጨማሪም ያልተገታው ነገር ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። ኪም፣ ሃሸርና ዛክስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ አረጋውያን ቀድሞ ችላ እንዲሉ የታዘዙትን ቃል ሳያውቁት ይዘው ስለ ቆዩ፣ ያ ቃል በኋላ መልስ ሆኖ ሲፈለግ ከወጣቶች ይልቅ ጠቅሟቸዋል። ሰፊ ነገር የሚያይ ዓይን የማይፈለገውን ሲያይ የሚፈለገውንም ያያል። ሁለትና ሦስት ቋንቋ በመናገር የኖሩ ሰዎች በእርጅና ጊዜ የመግታት ችሎታቸው ይጠነክራል የሚለው የኤለን ቢያሊስቶክና የባልደረቦችዋ የ2004 ጥናት፣ በኋላ ብዙ ክርክር ቢነሣበትም፣ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ዐረብኛ በየቀኑ በሚሰሙበት አካባቢ ለሚያስተምር ሰው ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ከሁሉም ለትምህርት ቤት የቀረበው ውጤት የሲንቲያ ሜይ፣ የሃሸርና የስቶልትዝፈስ የ1993 ጥናት ነው። አብዛኞቹ አረጋውያን በጠዋት የነቁ ናቸው፤ ፈተናው ጠዋት ሲሰጣቸው ከወጣቶች ጋር የነበራቸው ልዩነት ሲጠብ፣ ከቀትር በኋላ ሲሰጣቸው ግን ሰፍቷል። ወጣቶቹ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ማታው ይበረታሉ። የጎልማሶች ትምህርት ሲነሣ ግን ወዲያው የሚታሰበው የማታ ክፍል ነው። ብርሃንህ ዛሬ ነው የተባለው ተቋም በ1940 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት ሠራተኛ ቀን ስለሚውል ይህ ትክክል ነበር። ለአዛውንት ተማሪ ግን ሰዓቱ ራሱ እንቅፋት ሊሆን ይችላል።

6. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ ታሪክ የሚወጡት ተግባራዊ ትምህርቶች ጥቂትና ወጪ የማይጠይቁ ናቸው።

ሀ) ተማሪው ሲመዘገብ ዕድሜውና የትውልድ ቦታው ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የሚያውቀው ፊደልና አኃዝ ይጠየቅ። ዱግሲ የገቡ፣ በዘመቻው ግዕዝ የተማሩ፣ ማዶ ላቲን የተማሩ ሰዎች ‹‹መሀይም›› በሚል አንድ ስም ሊጠቃለሉ አይገባም። መምህሩ የትኛው አሮጌ መልስ እንደሚመጣ ካወቀ ስሕተቱን አስቀድሞ ያየዋል።

ለ) የሚምታቱ ምልክቶች ሳይነገርባቸው አይታለፉ። ክቡ ምልክት በአራቱ አነባበብ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ በዛሬው ትምህርት የትኛው እንደሚሠራ ተማሪው ራሱ እንዲናገር ይደረግ። አሮጌው መልስ ስሕተት እንዳልሆነ፣ ቦታው ሌላ ብቻ እንደ ሆነ ይነገረው። ሌላው ፊደል የሚነሣው ለዚህ ንጽጽር ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ፊደል ብቻ በሰሌዳው ላይ ይዋል።

ሐ) ገጹ ይጽዳ። የንባብ መጽሐፍ በሥዕልና በጌጥ ሲሞላ ለሕፃን ደስ ይለው ይሆናል፤ ራቢትና ኮኔሊ እንዳሳዩት ግን ዕድሜው ለገፋ አንባቢ እያንዳንዱ ትርፍ ምልክት ሸክም ነው። ትልቅ ፊደል፣ ሰፊ ኅዳግ፣ አንድ ሥዕል ይበቃል።

መ) አዛውንት ተማሪዎች ጀርባቸውን ለበርና ለመስኮት፣ ፊታቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው ይቀመጡ። ክፍሉ ከገበያውና ከመኪና መቆሚያው የራቀ ቢሆን ይመረጣል።

ሠ) በተቻለ መጠን ለአዛውንቱ የጠዋት ክፍለ ጊዜ ይዘጋጅ። ከሱብሒ ሶላት በኋላና ገበያው ሳይደምቅ ያለው ጊዜ ለቶጎጫሌና ለመሰሎቿ ከተሞች ተስማሚ ነው። የቀትር ሙቀት፣ ጫት የሚቃምበት ሰዓትና የመኪናዎች መግቢያ ሰዓት ከትምህርት ጋር አይገጣጠሙ።

ረ) ፈተና በፍጥነት አይመዘን። ዝግታው ራሱ ልጓሙ እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ቀስ ብሎ በትክክል ያነበበ ሰው አንብቧል።

ሰ) አረጋዊው የሚያውቀው የቃል ሀብት መሣሪያ ይሁን። በዱግሲ አናባቢ የተቆጠረበት ዜማ የላቲኑን አጭርና ረዥም አናባቢ ለማስተማር ይረዳል። የገበያ ሒሳብ፣ የከብት ስምና የዘር ሐረግ ለንባብ መልመጃ ይሆናሉ። በአፍ የሚታወቅ ነገር ሲነበብ የሚቀጥለው ቃል አስቀድሞ ስለሚታሰብ፣ የሚዘናጋው ኅሊና ቶሎ ወደ መስመሩ ይመለሳል።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በተሠራበት አራተኛው የትምህርት ልማት መርሐ ግብር፣ የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ያነጣጠረው ከ15 እስከ 60 ዓመት ባሉት ላይ ነበር። ገንዘብና መምህር ሲያንስ የዕድሜ ወሰን ማበጀት የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ወሰኑ ‹‹ከዚህ ዕድሜ በላይ መማር አይቻልም›› የሚል ትርጉም እንዳይሰጠው መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ምርምሩ እንዲህ ያለ አጥር አላገኘም። ያገኘው፣ ዕድሜ ሲገፋ የትምህርቱ አቀራረብ መለወጥ እንዳለበት ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

የዊልያም ጄምስ የደረቀ ልስን፣ የቶርንዳይክ አርባ አምስት ዓመት፣ የስትሩፕ ባለ ቀለም ቃላትና የሃሸር ያልተገታ ሐሳብ በየዘመናቸው የጎልማሳውን ተማሪ ምስል ለውጠዋል። ከመቶ ዓመት በላይ በፈጀው በዚህ ጉዞ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ፤ ‹‹አረጋዊ መማር ይችላልን?›› ከማለት ‹‹አረጋዊ አዲሱን ለመማር ምን መግታት አለበት?›› ወደ ማለት ደረሰ። በጅጅጋና በቶጎጫሌ ላሉ አዛውንት የዚህ ጥያቄ መልስ በአካባቢያቸው ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። መንግሥታት በተለዋወጡና ወሰን በተሻገሩ ቁጥር አዲስ ፊደል ተሰጣቸው፤ አሮጌውን ግን ማንም አልወሰደላቸውም። ስለዚህ በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው ክቡን ምልክት ‹‹አምስት›› የሚሉ አዛውንት ሲያጋጥሙት፣ መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርግ የሚገባው ነገር ‹‹ይህን የት ተማሩት?›› ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነው። ትምህርቱ ከዚያ መልስ ላይ ይጀምራል።